ሽንፈት ወደለመደ ቤት የመጣ አሰልጣኝ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ያህል የተሸነፈ ቡድን አልነበረም። ነገሩ ስድብ ሳይሆን መዝገብ ነው። ቡድኑ መጫወት ከጀመረበት ከ1887 እስከ 2023 ድረስ (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽንፈቱ ከ700 አልፎ በከፍተኛው ምድብ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ በአንድ የውድድር ዓመት አሥር ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። ትልቁ ውጤቱ ዘጠኝ ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በ1945 እና በ1967።

የ1945ቱ ቡድን ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ያለ አንድ ሽንፈት በሚጫወትበት ሊግ፣ በቢግ ቴን፣ ሻምፒዮን ሲሆን ጆርጅ ታሊያፌሮ የሚባል ጥቁር ወጣት ኳስ ተሸክሞ ይሮጥለት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጨበጭብለት ዩኒቨርሲቲ ግን በግቢው ማደሪያ አልጋ አይሰጠውም፤ ጥቁር ተማሪዎች ከግቢ ውጭ ነበር የሚያድሩት። ታሊያፌሮ በ1949 በፕሮፌሽናሉ ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ ስሙ የተጠራ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ከእሱ ዘመን በኋላ ቡድኑ በ1967 አንዴ ብልጭ ብሎ ለካሊፎርኒያው ሮዝ ቦውል ደረሰ፤ እዚያም ተሸንፎ ተመለሰ።

ዩኒቨርሲቲው ስፖርት የማይችል እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ያለባት ብሉሚንግተን የቅርጫት ኳስ ከተማ ናት፤ ወንዶቹ አምስት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስደዋል። የ1976ቱ ቡድን አንድም ሳይሸነፍ ነው ዋንጫውን ያነሳው። ፉትቦሉ የበልግ ማሳለፊያ ነበር። በ1960 በተከፈተው ሜሞሪያል ስታዲየም ደጃፍ ተማሪው መኪናውን አቁሞ ሥጋ ይጠብስ፣ ቢራ ይጠጣ፣ ይጨፍር ነበር፤ ጨዋታው ሲጀመር ብዙው ሳይገባ ይቀር ነበር። የሚጠበቀው ኅዳር ነበር፣ የቅርጫት ኳሱ መጀመሪያ።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ወገን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከቻለ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሄዳል። አብዛኛው ቡድን ሦስቱ ሙከራ ከከሸፈበት በአራተኛው አይደፍርም፤ ኳሱን በእግሩ አርቆ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ይመታዋል። የመጨረሻውን መስመር ኳስ ይዞ ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ያስገኛል፣ ከዚያ በኋላ በምት አንድ ይጨመርበታል። ከሩቅ በእንጨቶቹ መካከል የተመታ ኳስ ሦስት ነጥብ ነው። የማጥቃቱ አዛዥ ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው። መደበኛው ዘመን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 12 ጨዋታ ነው፣ አብዛኛውም ቅዳሜ። ጨዋታው ጥቂት ስለሆነ አንዲት ሽንፈት ዓመቱን ልታበላሸው ትችላለች።

ኢንዲያና የሚጫወትበት ቢግ ቴን፣ ስሙ አሥር ቢልም፣ በ2024 አሥራ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩት። ካርታውን ላየ ሐበሻ የሚያውቃቸውን ከተሞች ነው የሚያገኘው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደጃፍ ያለው ሜሪላንድ፣ የሚኒያፖሊሱ ሚኒሶታ፣ የኮለምበሱ ኦሃዮ ስቴት፣ የሲያትሉ ዋሽንግተን፣ የሎስ አንጀለሶቹ ዩሲኤልኤ እና ዩኤስሲ። ቅዳሜ ከሰዓት መንገዱ ለምን እንደተዘጋ ግራ የገባው የታክሲና የኡበር ሾፌር ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህ ውድድር ምስክር ነው።

በኅዳር 2023 መጨረሻ ኢንዲያና ዋና አሰልጣኙን ቶም አለንን አሰናበተ። አለን ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ተጫዋቾቻቸውም ይወዷቸው ነበር። ኮቪድ ባሳጠረው የ2020 ውድድር ስድስት አሸንፈው ሁለት ብቻ ሲሸነፉ ዩኒቨርሲቲው ረጅም ውል ፈረመላቸው። ቀጥሎ በመጡት ሦስት ዓመታት ግን ያሸነፉት ተደምሮ ዘጠኝ ነው፤ የተሸነፉት 27። ውላቸውን ለማፍረስ ዩኒቨርሲቲው 15 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከፈለ። አንድን ሰው እንዳይሠራ ለማድረግ የሚከፈል ገንዘብ ነው ይሄ፤ በኮሌጅ ፉትቦል ዓለም ግን ማንም አይገረምበትም። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ስኮት ዶልሰን በቀናት ውስጥ ተተኪውን አስታወቁ፤ ኩርት ሲግኔቲ፣ 62 ዓመታቸው፣ ከቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ።

ሲግኔቲ የአሰልጣኝ ልጅ ናቸው። አባታቸው ፍራንክ ሲግኔቲ በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ነበሩ፤ በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ በካንሰር ታመሙ፣ ዳኑ፣ ከዚያም ከሥራ ተባረሩ። በኋላ ወደ ትንሹ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንሲልቬኒያ ተመልሰው ለሃያ ዓመት ያህል አሠለጠኑ። (ይህ ትምህርት ቤት ከብሉሚንግተኑ ኢንዲያና ጋር ዝምድና የለውም። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኢንዲያና የምትባል ከተማ ስላለች ነው ስሙ እንዲህ የሆነው። የሲግኔቲን የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ሰው አንዴ እዚህ ጋ መደናገሩ አይቀርም።) ልጅየው ለዌስት ቨርጂኒያ ኳርተርባክ ሆነው ተጫወቱ፤ ከዚያም ሰላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሌሎች ሥር ረዳት አሰልጣኝ ሆነው ከከተማ ከተማ ዞሩ።

የዚህ ዙረት ጫፍ አላባማ ነበር። በ2007 ኒክ ሴባን አላባማን ሲረከቡ ሲግኔቲ የኳስ ተቀባዮች አሰልጣኝና የተጫዋች ምልመላ አስተባባሪ ሆኑ። በ2009 ዋንጫውን አብረው አነሱ። በዚያ ቦታ የነበረ ሰው ትዕግሥት ካለው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ መሆኑ አይቀርም ይባላል። ሲግኔቲ ግን ከ2010 ውድድር በኋላ፣ ሃምሳ ሊሞላቸው ሲቃረቡ፣ ደመወዛቸውን አሳንሰው ወደ አባታቸው ትንሽ ትምህርት ቤት ወረዱ። ሁለተኛው ምድብ ነው፤ ቴሌቪዥን የለም፣ በጀት የለም፣ አውቶቡስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ እንደ ሞኝነት ቆጠረው። እኔ ደግሞ የ2024ቱ ውድድር ሁሉ ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ገንዘብ በሌለበት ቦታ ተጫዋች መምረጥ ሌላ ሙያ ነው። አላባማ ውስጥ አገሪቱ በሙሉ የምታውቀውን ልጅ ማግባባት ነው ሥራው፤ በትንሿ ኢንዲያና ግን ሌላው ያላየውን ማየት ነው። ሲግኔቲ እዚያ ስድስት ዓመት ቆዩ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ባለው ኢሎን ሁለት ዓመት ጨመሩ፣ በ2019 ወደ ጄምስ ማዲሰን አመሩ። በጄምስ ማዲሰን 52 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። በዋና አሰልጣኝነት በመሩባቸው ዓመታት ሁሉ ሽንፈታቸው ከድላቸው የበለጠበት አንድም ዓመት የለም።

ብሉሚንግተን ይህን አያውቅም ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ከሕዝቡ ጋር እንዲተዋወቁ ማይክሮፎን ሲሰጣቸው፣ የጎረቤት ባላንጣውን ፐርዱን ሰደቡ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ የተለመደ ነበር፤ ሚሺጋንንና ኦሃዮ ስቴትንም ጨመሩበት። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ፣ ተጫዋቾችን እንዴት አድርገው እንደሚያሳምኑ ሲጠይቃቸው፣ ነገሩ ቀላል ነው፣ እኔ አሸንፋለሁ፣ ጎግል ላይ ፈልጉኝ ብለው መለሱ። በአገሪቱ ያለ የስፖርት ጣቢያ ሁሉ ደጋገመው። ንግግሩ ትዕቢት ቢመስልም ስሌት ያለበት ነው። ሽንፈት የለመደ ሕዝብ ትሑት አሰልጣኝ ደጋግሞ አይቷል፤ ትሑቶቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ስታዲየሙ ግን አልሞላም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ አሰልጣኝ የሚለው አነጋገር ዛሬ በኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ የድሮውን ያህል ትንሽ ነገር አይደለም። ቀድሞ አሰልጣኝ ሲለወጥ የሚለወጠው ፊሽካ የያዘው ሰው ነበር። ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፤ አዲሱ ሰው የሚመርጣቸውን የሁለተኛ ደረጃ ልጆች እስኪያሳድግ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ ደጋፊውም ይታገሣል። ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ግዴታው ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ነው። በጥቅምት 2018 ዝውውር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት የጋራ መዝገብ ተከፈተ፤ ሁሉም የዝውውር ፖርታል ይለዋል። በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ በሩ ተከፈተ። በ2024 ደግሞ የዝውውሩ ቁጥር ገደብ ተነሳ። በስድስት ዓመት ውስጥ አማተር ይባል የነበረው ጨዋታ፣ በየዓመቱ ገበያ የሚወጣበት ሆነ።

ሲግኔቲ ይህን ገበያ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ዕድል አዩት። ብሉሚንግተን የገቡት፣ ልምድ ያለው አናጢ ከነመሣሪያውና ከነረዳቶቹ ወደ አዲስ ግንባታ እንደሚመጣ ነው። የማጥቃቱ አስተባባሪ ማይክ ሻናሃንና የመከላከሉ አስተባባሪ ብራያንት ሄይንስ ከጄምስ ማዲሰን አብረዋቸው መጡ። 13 ተጫዋቾችም ተከተሏቸው። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጡትን ጨምሮ በአንድ ክረምት ቡድኑ ከግማሽ በላይ ተለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመረጧቸው ልጆች ማንነት ነው ትኩረት የሚስበው። ሲግኔቲ ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፤ ተስፋ ካለው ይልቅ ሠርቶ ያሳየውን እመርጣለሁ። ቁመቱ የሚያምር፣ ሩጫው የሚያስደነግጥ፣ ነገር ግን ገና ሜዳ ላይ ያልታየ የ18 ዓመት ልጅ አይፈልጉም። በትንሽ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት የተጫወተ፣ የጨዋታ ቪዲዮው ያለ፣ ቁጥሩ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። ኳስ ተቀባዩ ኤላይጃ ሳራት መጀመሪያ የተጫወተው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሴንት ፍራንሲስ በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ ወደ ጄምስ ማዲሰን፣ ከዚያ ወደ ኢንዲያና። ዲአንጀሎ ፖንድስ በዘመኑ መለኪያ ለማዕዘን ተከላካይነት አጭር ነው የሚባል ልጅ ነበር። ላይንባከሩ፣ ማለትም የመሐል ተከላካዩ፣ ኤይደን ፊሸርና የጠርዝ ተከላካዩ ሚካይል ካማራ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዐይን የራቁ ነበሩ። ኳርተርባኩ ከርቲስ ሩርክ ካናዳዊ ነው፤ በኦሃዮ ስቴት ሳይሆን አቴንስ ከተማ ባለው በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት አሳልፎ፣ በ2022 በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሊግ ምርጥ አጥቂ ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ጉልበቱ ተቀዶ የነበረ ነው። አብዛኞቹ ሃያዎቹን የጀመሩ፣ ዕድላቸውን ጠብቀው ያላገኙ ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ ዕድል ሲያገኝ እንዴት እንደሚጫወት ሲግኔቲ ከአውቶቡሱ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል።

ዋና አሰልጣኝ ሜዳ ዳር ምን ይሠራል ለሚል፣ ሲግኔቲን ማየት ግራ ያጋባል። ፊታቸው አይፈታም። ቡድናቸው ታችዳውን አግብቶ ስታዲየሙ ሲናወጥ እሳቸው አንድ የጎደለ ነገር እንዳዩ ሰው ይኮሳተራሉ። ለዚህ ምክንያት አላቸው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ተቆጥሮ መሠራት አለበት ይላሉ፣ ስለዚህ የሚያስፈነጥዝ ነገር የለም። ልምምዳቸው ከሌሎች ያጠረ ነው፤ ተጫዋቹ ቅዳሜ ትኩስ ሆኖ እንዲገኝ ይፈልጋሉ። የዕለቱን ጨዋታ በአብዛኛው የሚመሩት አስተባባሪዎቹ ናቸው። የዋናው አሰልጣኝ ሥራ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚከፋፈል። በዚህ መለኪያ ካየነው የ2024 ውድድር ድሉም ሽንፈቱም የተወሰነው በጥር ወር ነው ማለት ይቻላል፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ ሰባት ወር በፊት።

ጋዜጠኞች ግን ይህን አላዩም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቢግ ቴንን የሚከታተሉ ዘጋቢዎች በሰጡት ግምት ኢንዲያና ከ18 ቡድኖች 17ኛ ተባለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ የሚያስነግር የላቸውም፣ ደካማ ተጋጣሚዎች ነበሩ። ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል 31 ለ 7፣ ዌስተርን ኢሊኖይ 77 ለ 3። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ሄደው ዩሲኤልኤን በራሱ ሜዳ 42 ለ 13 ሲያሸንፉ አንዳንድ ሰው ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። ሻርለት፣ ሜሪላንድ፣ ኖርዝዌስተርን ተከታትለው ወደቁ። ጥቅምት 19 ቀን ኔብራስካ ወደ ብሉሚንግተን ሲመጣ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር፤ ሥጋ ጠባሾቹ ሁሉ ገብተዋል። 56 ለ 7። በዚያ ቀን ሩርክ የሚወረውርበት እጁ አውራ ጣት ተጎዳ። በሳምንቱ የኢኤስፒኤን የቅዳሜ ማለዳ ዝግጅት ብሉሚንግተን ድረስ መጥቶ በተላለፈበት ቀን፣ ተቀያሪው ኳርተርባክ ታይቨን ጃክሰን ዋሽንግተንን 31 ለ 17 ሲያሸንፍ፣ ይህ ቡድን በአንድ ሰው ላይ እንዳልቆመ ታየ።

እስከዚያ ድረስ፣ ስምንት ጨዋታ ሙሉ፣ ኢንዲያና ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ተመርቶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመራው ኅዳር 2 ቀን በሚሺጋን ስቴት ሜዳ ነው፤ 10 ለ 0። ሩርክ ተመልሷል፣ ጣቱ ግን ገና ነው። ደጋፊው የለመደው ነገር መጣ ብሎ ራሱን አዘጋጀ። ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች ግን የዚያን ደጋፊ ታሪክ አያውቁትም፤ አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። 47 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠሩ። ጨዋታው 47 ለ 10 አለቀ። የኢንዲያናን ሽንፈት የሚያስታውስ ተጫዋች ጥቂት መሆኑ የአዲሱ ዘመን ዝውውር የሰጠው ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል፣ ማንም እንዲህ ብሎ ባያስተዋውቀውም።

ኅዳር 9 ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሚሺጋን መጣ። እውነቱን ለመናገር ያ ሚሺጋን የቀደመው አልነበረም፤ አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ሄደዋል፣ ኳርተርባኩም የለም። ቢሆንም ይህ ነበር ኢንዲያና በወትሮው የሚፈርስበት ጨዋታ። እስከ እረፍት 17 ለ 3 መራ። በሁለተኛው አጋማሽ ማጥቃቱ ፈጽሞ ቆመ፣ ሚሺጋን ደግሞ ቀስ እያለ እየቀረበ መጥቶ 17 ለ 15 አደረሰው። አቻ የሚያደርገውን ሁለት ነጥብ (ከታችዳውን በኋላ በምት ፋንታ እንደገና መስመሩን ማለፍ) ሞክሮ አልቻለም። በመጨረሻ ኢንዲያና ሦስት ነጥብ ጨምሮ 20 ለ 15 አሸነፈ። አሥረኛው ድል። ሕዝቡ ወደ ሜዳ ወረደ፤ ከ1887 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና ማን ይከለክለዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለሲግኔቲ 72 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የስምንት ዓመት ውል ሰጣቸው። ውድድሩ ገና አላለቀም፤ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይወስዳቸው ተፈርቶ ነው።

ኅዳር 23 ኮለምበስ። ኦሃዮ ስቴት ሁለተኛ፣ ኢንዲያና አምስተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ተገናኙ። ኢንዲያና ኦሃዮ ስቴትን ያሸነፈው ለመጨረሻ ጊዜ በ1988 ነው። የመጀመሪያውን ታችዳውን ኢንዲያና አገባ። ከዚያ ሁለት ስህተት ጨዋታውን ወሰደው፤ ሁለቱም ኳስ በእግር በሚመታበት በዚያ ብዙ ሰው በማያየው ቅጽበት ላይ። ከእረፍት በፊት መቺው ኳሱ ከእጁ አመለጠው፣ ኦሃዮ ስቴት በቅርብ ርቀት አግኝቶ አገባበት። ከእረፍት መልስ ደግሞ ኬይሌብ ዳውንስ የተመታውን ኳስ ተቀብሎ 79 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሩርክ በተደጋጋሚ ኳሱ እጁ ላይ እንዳለ መሬት ላይ ተጣለ። 38 ለ 15። እዚህ ላይ የገንዘብ ልዩነቱ ታየ፤ የጎልማሳ ልጆች ጥበብ እስከ አንድ ቦታ ያደርሳል፣ የፊት መስመሩ ላይ ያለ የ140 ኪሎ ልጅ ግን ውድ ነው።

ብስጭቱን የተቀበለችው ፐርዱ ናት። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1925 ጀምሮ የሚጫወቱት ለአንድ አሮጌ የኦክ እንጨት ባልዲ ነው። አሸናፊው በየዓመቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ከነሐስ ሠርቶ በሰንሰለቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ዜሮ ለዜሮ ስላለቀ የሁለቱም ፊደል አብሮ ተንጠልጥሏል። ኅዳር 30 ቀን ኢንዲያና 66 ለ 0 አሸነፈ። ባልዲው ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። ሩርክ ስድስት ታችዳውን ወረወረ። የፐርዱ አሰልጣኝ በማግስቱ ተባረሩ።

11 አሸንፎ አንድ የተሸነፈው ቡድን፣ በዚያው ዓመት ከአራት ወደ አሥራ ሁለት ቡድን ባደገው ብሔራዊ ጥሎ ማለፍ ቦታ አገኘ። ይህ ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። ኢንዲያና ማንን አሸነፈ? የሚለው ጥያቄ በየጣቢያው ተነሳ። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ከባዱ ተጋጣሚ ኦሃዮ ስቴት ብቻ ነበር፣ እሱም ኢንዲያናን አሸንፏል። ሌላው ወገን ደግሞ ፕሮግራሙን ያወጣው ኢንዲያና አይደለም፣ የተሰጠውን በሰፊ ልዩነት ነው ያሸነፈው ይላል፤ በአማካይ በየጨዋታው ከ40 ነጥብ በላይ አስቆጥሮ። ታኅሣሥ 20 ቀን ማታ የአዲሱ ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ጨዋታ በዚያው ክፍለ ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ላይ፣ ከኖትር ዳም ጋር ተደረገ። ጀረማያ ላቭ ከራሱ ጎል ሥር ተነስቶ 98 ያርድ ሮጦ አገባ፤ ነገሩ በአብዛኛው እዚያ ላይ አለቀ። ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ እስኪቀረው 27 ለ 3 ነበር፤ ኢንዲያና በመጨረሻ ሁለት ታችዳውን ጨምሮ 27 ለ 17 ተሸነፈ። እንዲህ እየተመሩ ሳለ ሲግኔቲ በአራተኛው ሙከራ ላይ መድፈር ሲገባቸው ኳሱን መትተው ለተጋጣሚ መስጠታቸው ብዙ አስተቻቸው። ይህ ትችት ልክ ነበር። ከሁለት ኳስ በላይ እየተመራ ያለ ቡድን የሚያተርፈው ሜዳ የለውም።

ተቺዎቹ የረሱት አንድ ነገር ከአንድ ወር በኋላ ታየ። አትላንታ ላይ ለብሔራዊው ዋንጫ የቀረቡት ሁለቱ ቡድኖች ኦሃዮ ስቴትና ኖትር ዳም ነበሩ። ኢንዲያናን ያሸነፉት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ። ሩርክ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው የጉልበቱ ጅማት ተቀዶ እያለ ነው። 29 ታችዳውን ወርውሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ለሕዝብ የተነገረው የአውራ ጣቱ ጉዳት ብቻ ነበር። ይህን በጀግንነት ብቻ ማወደስ አልችልም። ልጁ ያኔ 24 ዓመቱ ነበር፣ የመጨረሻ ዕድሉም ነበር፣ ውሳኔው የራሱ ነው ይባላል። ሚሊዮኖች የሚንቀሳቀሱበት ቤት ውስጥ ግን የአንድ ወጣት ውሳኔ ምን ያህል የራሱ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ሲግኔቲ የተዉት ቦታስ? ጄምስ ማዲሰን ያለችው ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቀው ሃሪሰንበርግ ነው። አሰልጣኙን፣ ሁለቱን አስተባባሪዎችና 13 ተጫዋቾችን በአንድ ክረምት ያጣ ቡድን ይፈርሳል ብሎ የጠበቀው ብዙ ነበር። ቦብ ቼስኒ የሚባሉ አሰልጣኝ ሆሊ ክሮስ ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ አመጡ። በ2024 ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፉ።

ኢንዲያና በበኩሉ የሚቀጥለውን ዓመት በዚያው ገበያ ጀመረ። ለሩርክ ቦታ ፈርናንዶ ሜንዶዛ የሚባል፣ ከኩባ ቤተሰብ የተወለደ የማያሚ ልጅ ከካሊፎርኒያ በርክሌይ አመጡ። በ2025 ኦሃዮ ስቴትን ለቢግ ቴን ዋንጫ 13 ለ 10 አሸነፉ፤ ሜንዶዛ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት በኢንዲያና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ፤ ጥር 2026 ላይ የማያሚ ዩኒቨርሲቲን 27 ለ 21 ረትተው 16 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ጨርሰው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ። ሳራት፣ ፊሸር፣ ካማራና ፖንድስ አሁንም እዚያው ነበሩ። በዚያው የጥሎ ማለፍ ውድድር ላይ ከተሳተፉት አሥራ ሁለት ቡድኖች አንዱ ጄምስ ማዲሰን ነው። ቼስኒን ዩሲኤልኤ ወሰዳቸው፤ ሃሪሰንበርግም እንደገና አሰልጣኝ ቀጠረች፣ ፍሎሪዳ ያባረራቸውን ቢሊ ኔፒየርን።